ሦስተኛው ቁልፍ

«የፊተኛውን ክፍል ኮርኒሱን ጂፕሰም፣ በሩን አልሙኒየም ነው የምናደርገው» የሚለው ድምፅ ጉዲቱ ጆሮ የገባው ቅዳሜ ጠዋት፣ ባኞ ቤት ውስጥ ፊቷን ሳሙና ተቀብታ ዓይኗን ጨፍና ሳለች ነው። ተናጋሪዋ ራዕይ ነበረች፣ የታናሽ ወንድሟ የእዮኤል ሚስት። ከባኞ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ቆማ በስልክ ታወራለች። «አይ፣ ዛሬ እኮ ያልቃል፤ ዛሬ ዕጣው ይወጣል። ኧረ የፊቱ የኛ ነው በቃ! ሰውየው ሰኞ መጥቶ ይለካ በይው» ብላ ሳቀች። ጉዲቱ ሳሙናው ዓይኗን እስኪያቃጥላት ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ዕጣው የሚወጣው አራት ሰዓት ላይ ነው፤ አሁን ገና ሁለት ሰዓት አልሆነም። ያልወጣ ዕጣ እንዴት ያለቀ ነገር ይሆናል? ወዲያው ግን ራሷን ገሠጸች። ሰው ተስፋ ያደርጋል፤ ተስፋ ማድረግ ደግሞ ኃጢአት አይደለም። እሷስ ብትሆን ትናንት ተንበርክካ «ጌታ ሆይ፣ የፊቱን ስጠኝ» ብላ ለምና የለም? ፊቷን ተለቃልቃ ወጣችና ራዕይን ሦስት ጊዜ ስማ «ቁርስ በልታችኋል?» አለቻት። ጉዲቱ እንዲህ ናት። ክፉ ነገር ስትሰማ ከተናጋሪው ቀድማ ለተናጋሪው ሰበብ የምታገኝለት እሷ ናት። ይህ ጠባይዋ አርባ አራት ዓመት ሙሉ አልተለያትም፤ ጠቅሟትም አያውቅም።

ቤቱ ቀራንዮ፣ ከመድኃኔ ዓለም ወረድ ብሎ የሚገኝ፣ አባታቸው አቶ ገመቹ ከወለጋ በመጡ በአምስተኛው ዓመት የሠሩት ጭቃ ቤት ነው። መንገድ ዳር አንድ ሰፊ ክፍል አለው፤ ከኋላ ሁለት ክፍሎች፣ ማድ ቤትና አንድ የኮክ ዛፍ ያለበት ጓሮ። በካሬ ሜትር ከተለካ የኋላው ይበልጣል። ግን ወደ ኋላ የሚያስገባው ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ በክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀር ቀጭን መተላለፊያ ነው። የፊቱ ክፍል ደግሞ አስፋልቱ ከሰፋ ወዲህ ወሬው ሌላ ሆኗል፤ ጎረቤት ያለች የእሱኑ የምታህል ክፍል በወር አሥራ ስምንት ሺህ ብር ተከራየች ሲባል ሰፈሩ በሙሉ አፉን በእጁ ይዞ ነበር። ጉዲቱ በዚህ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት ሰፍታለች። ማሽኗ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ከታክሲ የሚወርድ ሰው እሷን ሳያይ አያልፍም። ነሐሴና መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም፣ ሌላውን ጊዜ ለቤቴል ክሊኒኮች ነጭ ጋውን ትሰፋለች። ጓሮ ገብታ ብትቀመጥ ማን በጭቃ ተሻግሮ ይፈልጋታል? ስፌት ቤት በየማዕዘኑ ሞልቷል። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ደመወዝ የላት። ያላት ይህች መስኮት ናት።

የሚገርመው ዕጣ ይጣል ያለችው ራሷ መሆኗ ነው። አባታቸው ከሞቱ ከዓመት በኋላ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ጋሽ ኑሕ ሁለቱን አስቀምጠው፣ «ጉዲቱ አባቷን ስድስት ዓመት አልጋ ላይ አገላብጣ ያስታመመች ልጅ ናት፤ እንጀራዋም ያለው እዚሁ መንገድ ዳር ነው። የፊቱን እሷ ትውሰድ፣ የጓሮውን እዮኤል» ብለው ነበር። እዮኤል አንገቱን ደፋ። ሌላ ሰው ቢሆን «አሜን» ብሎ ብድግ ይል ነበር። ጉዲቱ ግን የሰው አፍ ፈራች። አባቷን ያጠበችውና ያጎረሰችው ለቤቱ ብላ ነው እንዳትባል ሰጋች። «አይሆንም ጋሽ ኑሕ፣ ሰው አያካፍለን፤ ጌታ ያካፍለን። ዕጣ ይጣልበት» አለች። በእነሱ ዘንድ ዕጣ ማለት ሎተሪ አይደለም። ተጸልዮበት የወጣ ዕጣ የእግዚአብሔር ፍርድ ነው፤ አይደገምም፣ ይግባኝም የለውም። ጋሽ ኑሕ በመገረም አይተዋት «እምነትሽን ያብዛልሽ» አሏት። እዮኤልም ቀና ብሎ «እቴቴ ያለችው ይሁን» አለ። እቴቴ የሚላት ልጅ ሆኖ ነው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ ስድስት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

ራዕይ ዳቦና ሻይ ስታቀርብ እዮኤል ወደ ስፌት ክፍሉ መጣ። አዲስ ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ጉዲቱ ገና በሩ ላይ ሲቆም ትከሻው እንደሰፋበት አይታለች። የደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ግድግዳውን፣ የተንጠለጠሉትን ቀሚሶች፣ መስኮቱን አየ። «ዝናብ ያስገባል?» አላት። «ከላይ ትንሽ» አለችው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል እሷ የአንገት ልብስ ስትዘመዝም፣ እሱ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆዩ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በመጨረሻ ከማሽኑ አጠገብ ያለውን የወተት ዱቄት ጣሳ ሲያይ ፊቱ በራ። «ይቺ ጣሳ እስካሁን አለች?» ብሎ ሳባት። ጣሳዋ የልብስ ቁልፍ ማጠራቀሚያ ናት፤ የሸሚዝ፣ የኮት፣ የጋውን፣ ሁሉም ዓይነት ቁልፍ አለባት። እጁን እስከ አንጓው ከትቶ አንኮሻኮሸው፣ ዘገነ፣ መልሶ አፈሰሰ፣ እንደገና ዘገነ። ጉዲቱ ይህን ስታይ አንጀቷ ራሰ። ጠዋት ባኞ ቤት የሰማችውን ረሳችው ማለት ይቻላል።

የዚህ ልጅ የመጀመሪያ መጫወቻ ያቺ ጣሳ ነበረች። እናቱ የሞቱ ጊዜ አልበላም ብሎ ሦስት ሳምንት ሙሉ አስቸግሯል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ጉዲቱ አንድ ቀን ጨንቋት የኮት ቁልፍ አነሣችና መዳፏ ላይ አስቀምጣ አሳየችው። እጇን ጨበጠች። «እፍ በልበት» አለችው። እፍ አለ። ስትከፍተው ቁልፉ የለም። ልጁ አፉን ሲከፍት አጎረሰችው፤ ሲውጥ ቁልፉን ከጆሮው ጀርባ አወጣችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ጉርሻ በአንድ ቁልፍ ሆነ። እንዴት እንደምታደርገው ካላሳየሽኝ ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ነዘነዛት፤ አሳየችው። «ሰው አንዱን እጅህን እንዲያይ አድርግ፤ ሥራው ያለው በሌላው ነው» አለችው። ጉዲቱ ቀኝ እጇ ላይ መርፌ ተሰብሮባት ሌባ ጣቷ አይታጠፍም። ስለዚህ ቁልፉን የምትደብቀው በመጨረሻዎቹ ሁለት ጣቶች ጨብጣ ነው፤ ሌባ ጣቷ ቀጥ ብሎ ይቀራል። እዮኤል ደህና ጣቶች እያሉት እሱም ጣቱን እንጨት ያደርገዋል። «የኔ ጌታ፣ ያንተ እኮ ይታጠፋል፤ እጠፈው» ብትለው፣ «እንዲህ ካልሆነ አይጠፋም» ብሎ ድርቅ አለ። ጎረቤታቸው እትዬ ሃጂራ ይህን እያዩ ይስቁ ነበር፤ ከሻሻቸው ውስጥ ስንት ጊዜ ቁልፍ አውጥቶላቸዋል። ኋላ አባታቸው «ምትሃት ይመስላል፣ ከአማኝ ቤት አይወጣም፣ ተዉት» አሉና ጨዋታው ተረሳ።

አራት ሰዓት ላይ ሰዎቹ በስፌት ክፍሉ ተሰበሰቡ። ጋሽ ኑሕ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው የጉዲቱን ወንበር ያዙ። የእድሩ ጸሐፊ አቶ ወልደሰንበት ውሉን ሊጽፉ ነጠላ ወረቀቶቻቸውን በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ። እትዬ ሃጂራ ሠላሳ ዓመት የግድግዳ ጎረቤት ስለሆኑ ለምስክርነት ተጠርተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ከአየር ጤና እስከዚህ ያለው የታክሲ ወረፋ ተነሣ፤ ዘይት ስንት እንደገባ አቶ ወልደሰንበት ተናገሩና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የመጡበትን ጉዳይ ማንም ለመጀመር አልፈለገም። ጋሽ ኑሕ ለስላሳቸውን ጨርሰው ጠርሙሱን መሬት አስቀመጡ። «እንግዲህ ልጆቼ፣ የምንጠቀመው ዕቃ ይምጣ» አሉ።

ዕጣው በተቀጠረ ዕለት «በነጭና በጥቁር ቁልፍ ይሁን» ተብሎ ነበርና ጉዲቱ ከጣሳዋ ሁለት ቁልፍ መረጠች። መጠናቸው አንድ ነው፣ አራት አራት ቀዳዳ ያላቸው፤ አንዱ የጋውን ነጭ፣ አንዱ የኮት ጥቁር። በእጅ ቢዳሰሱ አይለዩም። ነጩ የእሷ፣ ጥቁሩ የእዮኤል እንዲሆንም ያን ዕለት ተስማምተዋል። የአቶ ወልደሰንበት ባርኔጣ ተገልብጦ ተቀመጠ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፦ ታናሽ ይጥላል፣ ሽማግሌ ያወጣል፣ መጀመሪያ የወጣው የፊቱን ይወስዳል። ጋሽ ኑሕ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እዮኤል ሁለቱን ቁልፎች በሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየና «ይኸው የእቴቴ፣ ይኸው የኔ» እያለ ባርኔጣው ውስጥ ጣለ። ቀስ ብሎ፣ አክብሮ ነው የጣለው። ጉዲቱ በዚህ ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አማኝ ሴት ናትና ዕጣ ሲጣል ትጸልያለች እንጂ እጅ አትጠብቅም። ሁለት ጊዜ ጠብ ሲል ብቻ ሰማች። ጋሽ ኑሕ ዞሩ፣ «ጌታ ሆይ፣ ልብን የምታውቅ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ከተቱ። ያወጡት ጥቁሩን ነው።

ራዕይ በረጅሙ ተነፈሰች። ጉዲቱ «አሜን» አለች። የጌታ ፈቃድ ከሆነ ጭቃውን ተሻግሮ የሚመጣ ደንበኛ እሱው ይሰጣታል ብላ ለራሷ መናገር ጀምራ ነበር። እውነትም ለጥቂት ሰከንዶች አምናዋለች። «የቀረውንም እናሳይ» አለ እዮኤል፣ ባርኔጣውን በግራ እጁ አንሥቶ ወደ ቀኝ መዳፉ ደፋው፤ መዳፉን ገልበጥ አድርጎ ነጩን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኸው የእህቴ» አለ። ጉዲቱ ቁልፉን አላየችም። ያየችው እጁን ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ጣቶች ተጨብጠው፣ ሌባ ጣቱ እንደ እንጨት ቀጥ ብሎ ነበር።

በዓለም ላይ ጤነኛ እጅ ይዞ እንዲህ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያስተማረችውም እሷ ናት። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ባርኔጣው ውስጥ የገቡት ሁለቱም ጥቁር ነበሩ። ጠዋት ጣሳዋ ውስጥ እጁን ከትቶ ሲያንኮሻኩሽ ሌላ ጥቁር ቁልፍ ወስዷል። ነጩን አሳይቶ በእጁ አስቀረ፣ አሁን ደግሞ በቀረው ጥቁር ቦታ ነጩን አወጣ። እሷ አንጀቷ እየራሰ ስታየው እሱ እየሰረቀ ነበር። ራዕይ በጠዋት ሰውየው መጥቶ ይለካ ያለችው ተስፋ አድርጋ ሳይሆን አውቃ ነው። ያ ሦስተኛው ቁልፍ አሁን እዚያ እጁ ውስጥ ነው። እዮኤል እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ኪሱ አልከፈት አለው። አዲስ ኮት ኪሱ በክር ተይዞ ነው የሚሸጠው፤ ልብስ ሰፊ ይህን ያውቃል፣ እሱ ግን ክሩን አልፈታውም። ወደ ሱሪው ከመሄዱ በፊት ጋሽ ኑሕ ተነሡ። «በሉ በጸሎት እንዝጋው፤ ልጆቼ እጅ ለእጅ ተያያዙ» አሉ። ራዕይ ቀኝ እጁን ልትይዝ ስትል ጉዲቱ በመካከላቸው ገባች። «እስቲ ዛሬስ ወንድሜን እኔ ልያዘው» አለች።

ያዘችው። ቁልፉ በሁለቱ መዳፎች መካከል ነበር፤ አራቱ ቀዳዳዎች ቆዳዋ ላይ ይታወቋታል። እዮኤል እጁን ሊያላቅቅ ሞከረ፣ አጥብቃ ጨበጠችው። ልብስ ስትቆርጥ የኖረች ሴት እጅ ቀላል አይደለም። ፊቱን ባታይም ላቡ መዳፏን ሲያርሰው አወቀች። ጸሎቱ ተጀመረ። እንደ ልማዳቸው ጋሽ ኑሕ ሲመሩ ሌሎቹም በየአፋቸው ድምፅ አውጥተው ይጸልያሉ፤ ክፍሉ በጸሎት ሞላ። አቶ ወልደሰንበትና እትዬ ሃጂራ የራሳቸው ጸሎት ባይሆንም አክብረው አቀርቅረው ቆመዋል። ጉዲቱ ማድረግ የነበረባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን እጅ እንደያዘች ወደ ላይ አንሥታ «ዓይናችሁን ግለጡ!» ማለት። ቁልፉ በእሱ እጅ ውስጥ እያለ፣ ያኔውኑ። ጉሮሮዋ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጸሎት እንዴት ይቋረጣል? ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ ቤት ቢቃጠል እንኳ «አሜን» ሳይባል ዓይን አይገለጥም ተብላ ያደገች ናት። የጌታ ስም ተጠርቶ ሳለ፣ «እነዚህን ወንድምና እህት በፍቅር አያይዛቸው» እየተባለ እሷ ሌባ ብላ ልትጮህ ነው? ይጨርሱ፣ አሜን ይበሉ፣ ከዚያ አሳያለሁ አለች። እሱም ጠጋ አለና በጸሎቱ ጩኸት ውስጥ «እቴቴ፣ እባክሽ» አላት። ደግሞ «እባክሽ፣ አታዋርጂኝ» አላት። ድምፁ የእውነት ይለምን ነበር። እሷ ይህን ልመና በሕይወቷ እምቢ ብላው አታውቅም። ሰው ፊት ባላዋርደውስ፣ ለብቻው ወስጄ ባናግረው፣ ራሱ ይመልሰዋል ብላ አሰበች። ጣቶቿ ላላ አሉ። ጥቂት ብቻ ነው የላሉት።

«አሜን!» አሉ ጋሽ ኑሕ። «ሃሌ ሉያ!» ተባለና እንደ ሁልጊዜው የሁሉም እጅ ወደ ላይ ተነሣ፣ ተጨበጨበ። ጉዲቱ ዓይኗን ስትገልጥ እዮኤል ሁለት እጆቹን ዘርግቶ፣ ጣቶቹን ከፍቶ፣ ፊቱ በእንባ ርሶ ጌታን ያመሰግናል። እጆቹ ባዶ ናቸው። ጥቁሩ ቁልፍ እሷ መዳፍ ላይ ቀርቷል።

እንዴት እንዳስቀረው አልታወቃትም፤ ይህን አላስተማረችውም፣ የራሱ ፈጠራ ነው። «ጋሽ ኑሕ» አለች፣ መዳፏን ዘርግታ። «ይህ ቁልፍ እዮኤል እጅ ውስጥ ነበር። ባርኔጣው ውስጥ የገቡት ሁለት ጥቁር ናቸው። ነጩን ደብቆት ነበር።» ጋሽ ኑሕ ቁልፉን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ጣሳዋን አዩ። «ልጄ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እጅሽ ላይ ያለ ቁልፍ እንዴት የእሱ ይሆናል? ቤቱ ሁሉ ቁልፍ ነው።» እሷም ተቻኮለችና ሁሉንም ተናገረች፤ እንዴት እንደሚደበቅ፣ እንዴት ከጆሮ ጀርባ እንደሚወጣ። ሰው እንዲያምናት ጥቁሩን ቁልፍ ጨብጣ እፍ ብላበት ባዶ መዳፏን አሳየች፣ መልሳም ከጋሽ ኑሕ ኮት ትከሻ ላይ አወጣችው። አቶ ወልደሰንበት በመገረም «አጀብ!» ብለው ሊስቁ ነበር፣ የጋሽ ኑሕን ፊት ሲያዩ ተዉት። ጋሽ ኑሕ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽተው ነበር። «ስድስት ዓመት ሙሉ በእሑድ ትምህርት ቤት ልጆች ያስያዝንሽ እኮ ነሽ ጉዲቱ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ አዝነው ነው የተናገሩት፣ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ራዕይ ከኋላ ሆና «እንግዲህ በዚህ ቤት እጀ ቀላሉ ማን እንደሆነ ታየ» አለች። ጉዲቱ ወደ እትዬ ሃጂራ ዞረች። «እርስዎ ያውቃሉ እትዬ። ከሻሽዎ ሲያወጣ አይተዋል።»

እትዬ ሃጂራ እዮኤልን ትክ ብለው አዩት። እሱ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ሴትዮዋ ሁሉንም የተረዱ መሰሉ፤ ከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። «ልጅ እያለ ያደርግ ነበር፣ አልዋሽም» አሉ። «ዛሬ ግን እጁን አላየሁም ልጄ። ያላየሁትን እንዴት ልመስክር? ነገ ተጠያቂ ነኝ እኮ» አሉና ሻሻቸውን አስተካከሉ። ጉዲቱ አልተቀየመቻቸውም። ትክክል ናቸው። የተናደደችው በራሷ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን በዚያ በለመናት ድምፅ። አታዋርጂኝ ብሎ ለምኖ፣ ስትራራለት በርኅራኄዋ መዋረጃዋን እጇ ላይ አስቀምጦላት ሄደ። ቤቱን ቢወስድ ቤት ነው። ይህኛው ግን ልብን ያነድዳል።

አቶ ወልደሰንበት ውሉን ጽፈው ነበርና ብዕሩን ወደ እሷ ገፉ። «ካልፈለግሽ ሌላ ቀን ይሁን፣ ፍርድ ቤትም አለ» አሏት። ጉዲቱ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፍርድ ቤት ሄዳ ምን ትላለች? ሁለት ጥቁር ቁልፍ ነበር? ዕጣ ይጣል ያለችው ራሷ፣ «አሜን» ያለችው ራሷ፣ ቁልፉ የተገኘው በራሷ እጅ። ቃሏን ብታፈርስ ደግሞ ከዛሬ በኋላ ቃል የላትም። ፈረመች። እዮኤል ቀጥሎ ፈረመ፣ ምስክሮቹም ፈረሙ። ፊርማው ሲያልቅ እዮኤል ወደ እሷ መጣና በሁሉም ፊት ጉልበቷ ላይ ተደፋ። «እቴቴ፣ ባላውቅም ቅር ያሰኘሁሽ ነገር ካለ ይቅር በይኝ» አለ። እንባው አሁንም የእውነት ነበር፤ የሚያስጠላው ይሄ ነው። ጋሽ ኑሕ ፊታቸው ፈካ። ሰውየው ይህን ዓይነት ትሕትና ሲያዩ ልባቸው ይሸነፋል። «ይኸው ልጁ ሳይበድል ወድቋል። በይ ጉዲቱ፣ ይቅር በይውና ደስ ብሎን እንሂድ» አሉ። ራዕይም «አዎ እህታችን» አለች። አቶ ወልደሰንበት ባርኔጣቸውን አንሥተው ለመሄድ ቆመዋል። ሁሉም ይቅርታውን እንዳለቀ ነገር ቆጥሮታል፤ ጉዲቱ ይቅር የማትልበት ቀን ኖሮ አያውቅምና። እዮኤልም ጉልበቷን እንዳቀፈ አንዴ ቀና ብሎ አያት፤ አስተያየቱ የሚያውቀውን ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ዕጣ ሲጣል ዓይኗን እንደምትጨፍን ያውቅ ነበር። ጸሎት እንደማታቋርጥ ያውቅ ነበር። ሲለምናት እንደምትላላ፣ የሰጠችውን ቃል እንደማታጥፍ ያውቅ ነበር። ሌላ ሰው ይህን ሊያደርግባት አይችልም፤ እንዲህ የሚያውቃት ያሳደገችው ልጅ ብቻ ነው። ይቅርታዋንም ከጠዋት ጀምሮ ከጂፕሰሙና ከአልሙኒየሙ ጋር አብሮ ቆጥሮታል።

እጆቹን አንድ በአንድ ከጉልበቷ ላይ አነሣቻቸው።

«አልልም» አለች።

ጋሽ ኑሕ በደንብ ያልሰሙ መሰላቸውና «ምን አልሽ ልጄ?» አሉ።

«ቤቱን ፈርሜለታለሁ፣ ይውሰድ። ይቅር ግን አልልም ጋሽ ኑሕ። ይህ በዕጣ አልተካፈለም፤ የኔ ብቻ ነው።»

«ይህ የአማኝ ንግግር አይደለም» አሉ ጋሽ ኑሕ፤ አሁን የእውነት ተቆጥተው ነበር። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚባልባት ታውቃለች። ሌባ የተባለ አይኖርም፤ ልበ ደንዳናዋ ጉዲቱ ግን እሑድ ሳይደርስ የሁሉም አፍ ላይ ትሆናለች። ከዚህ ወሬ ሽሽት ነበር ዕጣ ይጣል ያለችው። ማሽኗን ከመስኮቱ ሥር ጎትታ ገመዷን ፈታች። እትዬ ሃጂራ ተነሥተው አንዱን ጫፍ ያዙላት። እዮኤል አሁንም መሬት ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እስከዚህ ድረስ የተደረገው ሁሉ ያልፋል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ጓሮ ሄዶ ይስማታል፣ እሷም ምሳ በልተሃል ትለዋለች ብሎ ነበር ያሰበው። ያላሰበው ይህን ብቻ ነው።

«እቴቴ» አለ፣ እንደ እውነተኛ ልጅ።

ጉዲቱ በሩ ጋ ቆመች፤ ማሽኑ ከብዷት በጉልበቷ ደገፍ አደረገችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ጉዲቱ በለኝ» አለችው።